የጨው ሽብልቅ

ግንድ የፈለጠ ሰው ሽብልቅን ያውቀዋል። ቀጭኑ ጫፍ ስንጥቋን ይዞ ይገባል፣ ወፍራሙ ጀርባ ይከተላል። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ የባሕሩ ውሃ የሚገባውም እንዲሁ ነው። የውሃ ባለሙያዎች «ሶልት ዌጅ» ይሉታል፤ እኔ «የጨው ሽብልቅ» እንበለው እላለሁ። አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ዓባይም ባሕር የሚደርሰው በግብፅ ምድር ነው። ነገሩን በአገራችን ስላላየነው ስም አላወጣንለትም። «የጨው ውሃ ሰርጎ መግባት» የሚለው አነጋገር ቢኖርም የከርሰ ምድር ውሃንም ስለሚያካትት ይሰፋል፤ ቅርጹንም አያሳይም።

አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ስለሚከብድ ከወንዙ ውሃ ሥር ይሰርጋል፤ የወንዙን ወለል ተከትሎም ሽቅብ ይወጣል። የሚመልሰው የወንዙ ጉልበት ነው። ወንዙ ሲደክም ሽብልቁ ይገፋል። ከላይ ለሚያይ ግን ወንዙ ያው ወንዝ ነው።

በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ወለል፣ ከአፉ ጀምሮ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ከባሕር ጠለል በታች ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ድርቅ ወንዙን ሲያቀጥነው ጨው በሉዊዚያና ግዛት የፕላክማይንስ አካባቢን የቧንቧ ውሃ ደረሰበት፤ ነዋሪው የታሸገ ውሃ ይታደለው ጀመር። ጨውን ማፍላት አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። የእርሳስ ቧንቧ ባለበት ቤት ደግሞ ጨዉ ቧንቧውን እየበላ እርሳሱን ወደ ውሃው ሊለቅ ይችላል። ለእኔ ከጥሙም የሚያስፈራው ይኸኛው ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ሽብልቁን ከሁለት በኩል ያግዘዋል፦ ባሕሩ ከፍ ይላል፣ በረታ ያለ ድርቅም ወንዙን ያደክማል። ሁሉን በእሱ ማሳበብ ግን እውነቱን መሸፈን ነው። ለትልልቅ መርከቦች ሲባል የሚሲሲፒ መተላለፊያ በቁፋሮ ጠልቋል፤ ጥልቅ ወለል ደግሞ ለጨው የተጠረገ መንገድ ነው።

የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች መከላከያቸው ከወንዙ ወለል ላይ የሚከምሩት የደለል እርከን ነው። ከሥር የሚመጣውን ጨው ያግዳል፤ የወንዙ ውሃና መርከቦቹ በላዩ ያልፋሉ። በ1988፣ በ1999 እና በ2012 ሠሩት፤ ከዚያ በ2022 እና በ2023 በተከታታይ። በ2023 እርከኑን ከፍ አደረጉት፤ ተፈርቶ የነበረው ጨውም የኒው ኦርሊንስን የመጠጥ ውሃ ሳይደርስበት ቀረ። ወንዙ ሲሞላ ግን ደለሉን ጠርጎ ይወስደዋል፤ በቀጣዩ ድርቅ እንደገና ይከመራል።