የሴባስቶፖል መንገድ በጋይንት

የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው መቅደላን ነው። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ስለሚገኝ አይፈረድም። እኔ ግን ታሪኩ መድፉ ከተሠራበት መንደርና ከተጎተተበት መንገድ ይጀምራል ባይ ነኝ። መንደሩ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል።

በ1850ዎቹ ዓ.ም. ጋፋት ወናፍ የሚነፋባት፣ ከሰል የሚነድባት፣ መዶሻ የሚጮህባት መንደር ነበረች። አውሮፓውያኑ ሚስዮናውያን ቴዎፊል ዋልድማየር፣ ሳልሙለርና ጓደኞቻቸው ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የእጅ ሙያ እየሠሩ ወንጌል ሊሰብኩ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ የፈለጉት ግን መድፍ ነው። ሰዎቹ «አንችልም» ቢሉ ንጉሡ አገልጋዮቻቸውን አስረው አስጨነቋቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው እንደገና ተሠራ፤ በመጨረሻም ማዕድኑ ቀልጦ ቅርጽ ያዘ።

ከአውሮፓውያኑ ጎን የአገሩ ልጆች ነበሩ፤ እየሠሩ ይማሩ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው «ቡዳ» እየተባለ በሚገለልበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ያለውን ሥራ ከዙፋናቸው አጠገብ ማስቀመጣቸው ለእኔ ከመድፉ ይበልጥብኛል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል፤ የሚያልፍበት የጋሪ መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ እየተቆፈረ፣ አለቱ በባሩድ እየተፈነቀለ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ሄደ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የተጓዙ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ከጋይንት በጨጨሆ ወደ ዋድላ፣ የዥጣን ገደል ወርዶ ወጥቶ ወደ ደላንታ፣ ከዚያም በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ፤ ጉዞው መንፈቅ ያህል ፈጀ።

ይህን ስንተርክ የበጌምድርን ገበሬ መዝለል አይገባም። አገሩ አምፆ ነበር። ሠራዊቱ ባለፈበት ቤት ተቃጥሏል፣ ከብት ተነድቷል፣ ጎተራ ተራቁቷል። የመንገዱ ጥበብም ሆነ የዚያ ሕዝብ መከራ የጋይንት ታሪክ ነው፤ አንዱን አንሥቶ ሌላውን መተው ያሳዝነኛል።

መድፉ መቅደላ በደረሰ በጥቂት ሳምንት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲወጋ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። አውሮፓውያኑ ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። ዋልድማየር በሊባኖስ ብሩማና እ.ኤ.አ. በ1873 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያስተምራል። ጋፋት ግን ተማሪዎቿን የሚያሰባስብ አላገኘችም።

ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደው፣ ሰዉ የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና ጋሳይንና ክምር ድንጋይን አልፎ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ጨጨሆ ይወጣል። ተሳፋሪው ከመስኮቱ የሚያየው ገደል ያ መድፍ በጠፍር እየተጎተተ ያለፈበት አገር ነው። ደብረ ታቦር አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት። የታሪክና የምህንድስና ተማሪዎቿ ከጋፋት ተነሥተው ይህን መንገድ በእግራቸው ቢከተሉ፣ የት እንደተቆፈረና የት እንደተደለደለ ቢለኩ፣ የጋይንትን ሽማግሌዎችም ከአባቶቻቸው የሰሙትን ቢጠይቁ እወዳለሁ። ካርታው ሲሠራ ከጋፋት ምድጃ ይጀምር።