የአርባ ልጆች መንገድና የእኛ ዕድር



እንደሚታወቀው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ብዙዎቻችን በየአቅጣጫው ተበትነን፣ በተወለድንበት ከተማ አዲስ ገብ እንግዳ ሆነናል። ስለዚህ ዘንድሮ፣ ከእኛ በፊት ወደ አራዳ በእንግድነት ስለ መጡ ሰዎች ጥቂት መጻፍ ወደድሁ። እነርሱም በታሪክ "አርባ ልጆች" የሚባሉት አርመኖች ናቸው።

እነዚህ ልጆች በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከተነሣው እልቂት የተረፉ፣ እናት አባት የሌላቸው ነበሩ። ተጠግተው ያደጉት ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ነበርና፣ በገዳሙ ልጆቹን አይተው ወደዷቸው። ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ አግኝተውም ከሙዚቃ መሪያቸው ከሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው።

እስቲ መንገዱን እናስበው። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ለሚመጣ ሰው ዋናው በር ጅቡቲ ነበር። ከመርከብ የወረደ ሰው በባቡር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሰባት ዓመቱ ሲሆን፣ መንገደኛው ባቡር ሌሊት ስለማይሄድ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። አንዱ አዳር ድሬዳዋ፣ ሌላው አዋሽ ነው። የመጨረሻው ቀን መቼም ረጅም ቀን ነው። ጧት ከአዋሽ ቆላ ሙቀት ተነሥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ እየተጎተተ፣ ሞጆንና አቃቂን አልፎ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወዳለው ብርድ ይገባል። ልብሱ የቆላ፣ አገሩ ደጋ!

ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ ገና አልተሠራም፤ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ዕንቁጣጣሽ ሊብት አምስት ቀን ቀርቶታል። ታዲያ የሌላው ሰው ልጅ አበባ ሊያዞር ሲዘጋጅ፣ እነርሱ ቋንቋውን እንኳ አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የመንግሥቱ የመጀመሪያው ይፋ የሙዚቃ ጓድ እነርሱ ሆኑ። ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ሙሴ ኬቮርክ ሲሆኑ፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ቆይተው የመጡት የወንድማቸው ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያንም በቴአትር ቤት ሙዚቃ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምረዋል።

እኔ ግን ልል የፈለግሁት ስለ ሙዚቃ አይደለም። መድረስና መግባት ይለያያሉ። ሰው ባቡሩ ሲቆም ይደርሳል፤ የሚገባው ግን ኀዘኑን ኀዘኔ የሚለው ጎረቤት ሲያገኝ ነው። አርባዎቹ ልጆች በደረሱ ጊዜ በአራዳ ቀደም ብለው የሰፈሩ አርመን አንጥረኞች፣ ነጋዴዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸውም ከእኛ ተዋሕዶ ጋር በሃይማኖት እኅትማማች ነው። ከልጆቹ ከፊሎቹ እዚሁ ቀርተው ትዳር መሥርተው የከተማው ሰው የሆኑት፣ ቤተ መንግሥቱ ስለጠራቸው ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ስለተቀበላቸው ጭምር ነው።

ዕድርስ ቢሆን ከምን መጣ? ከየአገር ቤቱ ወጥተው አዲስ አበባ የከተሙ፣ ዘመድ የራቃቸው ሰዎች "ብንሞት ማን ይቀብረናል?" ብለው የፈጠሩት አይደለም እንዴ? ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የወር መዋጮው ሁሉ የእንግዳ ሰው ብልኀት ነው። ጥሩምባ ነፊው ማለዳ ሲነፋ ለመንገደኛው "ብቻህን አይደለህም" ማለቱ ነው።

አሁን ግን ጥሩምባው የሚሰማበት ሰፈር የለም። አንዳንድ አባላት "በየአዲሱ ሰፈራችን ዕድር ስለገባን የቀድሞውን እንተወው" ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ። የአዲሱ ሰፈር ዕድር ለመግባት፣ የቀድሞው ላለመጥፋት። ስለዚህ ለጠቅላላው ጉባኤ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በርቀት ምክንያት ቀብር ላይ የቀረ አባል እንደ ቀድሞው በቅጣት አይያዝ። ሁለተኛ፣ ከመዋጮው ተቀንሶ ለቀብር የሚሆን የመኪና ኪራይ ይመደብ። ሦስተኛ፣ ጥሩምባውን የሚተካ በስልክ የመጠራሪያ ተራ ይውጣ፤ አንዱ ለአምስት ሰው ቢደውል ሁሉም ይሰማል።

ኢየሩሳሌም ተነሥቶ አራዳ የገባ ሰው ወገን ካገኘ፣ እኛ ከአንድ ከተማ ዳር እስከ ዳር መጠያየቅ አያቅተንም። እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን ያሰባስበን።