ከገዳም ደወል እስከ ማቋረጫ ምልክት

ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርትና የጽሕፈት ማዕከል እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው። ደወል ለጸሎት በሚጠራበት ገዳም ጸሐፊው ሰዓቱ ደረሰ አልደረሰ እያለ በየመስመሩ ብዕሩን ሊያስቀምጥ አያስፈልገውም፤ ደወሉ ሲሰማ የጀመረውን ፊደል ጨርሶ ይነሣል፤ ሲመለስም ካቆመበት ይቀጥላል።

የኮምፒዩተር መሐንዲሶች ወደዚሁ ሥርዐት የደረሱት በችግር ተገደው ነው። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ከውጭ መረጃ መድረሱን ለማወቅ ደጋግመው መጠየቅ ስለ ነበረባቸው ብዙው ጊዜያቸው በመጠበቅ ይባክን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የተሠራው ዳይሲያክ የመረጃ ማስገቢያና ማውጫ መሣሪያዎች ሥራውን እንዲያቋርጡ ፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ዩኒቫክ 1103ኤም ይህንኑ ዘዴ ይዞ ቀረበ።

ይሁን እንጂ ዘዴው ያለ ስጋት አልተቀበሉትም። የኔዘርላንዱ ኤድስገር ዳይክስትራ ኤክስ1 ለተባለው ኮምፒዩተር ሐሳቡ በቀረበለት ጊዜ አመንትቶ ነበር። ምልክቱ በየትኞቹ ትእዛዞች መካከል እንደሚደርስ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ አንድ ጊዜ የታየ ስሕተት ዳግመኛ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላልና ነው። በመጨረሻ ግን የሥራ ባልደረቦቹ ስላሳመኑት ተቀብሎ፣ የማስተናገጃውን ፕሮግራም ራሱ ጻፈ፤ በ1959 ላቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍም መነሻ አደረገው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው 8051 ማይክሮኮንትሮለር ይህንን ሥርዐት በአንዲት ቅንጣት ላይ አሰፈረው፤ አምስት የማቋረጫ ምንጮችና ሁለት የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት። ፕሮግራሙ በቅድሚያ ለየምንጩና ለጠቅላላው ፈቃድ ይከፍታል። ምልክቱ ሲደርስ መሣሪያው የያዘውን ትእዛዝ ፈጽሞ፣ የመመለሻውን አድራሻ ስታክ በተባለው የማስታወሻ ክፍል ያኖራል፤ ከዚያም ለምንጩ ወደ ተወሰነው አድራሻ ይዘላል። የቀሩትን ሬጅስተሮች ማስቀመጥና መመለስ ግን የፕሮግራም ጸሐፊው ኀላፊነት ነው። ሲያበቃ ለማቋረጫ በተለየው የመመለሻ ትእዛዝ ፈንታ ተራውን ቢጠቀም፣ እኩል ወይም ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ምልክቶች ሁሉ ሰሚ አጥተው ይቀራሉ።

ከዚህ የረቀቀ ጥፋትም አለ። ዋናው ፕሮግራም የሁለት ባይት ቁጥርን እኩሌታ አንብቦ ሳለ ማቋረጫው ገብቶ ቁጥሩን ቢለውጠው፣ የሚነበበው ፈጽሞ ያልነበረ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ፈቃዱን መዝጋት፣ የማቋረጫውንም ሥራ አጭር ማድረግ ይገባል። ዳይክስትራ የፈራው ይህን የመሰለውን ስሕተት ነበር፤ በሙከራ ጊዜ ተሰውሮ በሥራ ላይ ይገለጣልና፣ አስቀድሞ በማሰብ እንጂ በመፈተሽ ብቻ አይያዝም።