በዛንዚባር ወደብ የቆመችው «ለንደን»

ማኅበራችን ኢዮቤልዩውን ሲያከብር፣ ከእኛ በፊት በባሕር ተጭነው ወደዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ስለ መጡ ሰዎችና ስለ አንዲት መርከብ ጥቂት ማስታወስ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ለንደን» የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የእንጨት የጦር መርከብ ነበረች። በ1840 ቻተም ከተባለው የመርከብ መሥሪያ ወደ ውኃ ወረደች። 90 ያህል መድፎች በሁለት ደርብ ትሸከም ነበር። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት የሴቫስቶፖልን ምሽግ ከደበደቡት መርከቦች አንዷ ናት። በኋላ የእንፋሎት ሞተር ቢገጠምላትም፣ የብረት መርከቦች ሲመጡ ለውጊያ የማትፈለግ አሮጌ ሆነች።

ትልቁ ሥራዋ ግን በእርጅናዋ መጣ። በ1873 የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት በባሕር የሚደረገው የባሪያ ንግድ እንዲቀር ውል ፈረሙ፤ ገበያውም ተዘጋ። ንግዱ በስውር ቀጠለ። አንዱ ምክንያት ቅርንፉድ ነበር። በ1872 የተነሣ አውሎ ነፋስ የዛንዚባርን ደሴት የቅርንፉድ ዛፎች ሲጥል የፔምባ ደሴት ዛፎች ስለ ተረፉ፣ በዚያ የለቃሚ ጉልበት እጅግ ተፈለገ። ዛሬ በሻይ ላይ ጣል የምናደርጋት ቅርንፉድ ያን ጊዜ የሰው ሕይወት ታስከፍል ነበር።

«ለንደን» በ1874 ዛንዚባር ወደብ መልሕቋን ጥላ ቆመች። ለመርከበኞቹ ማደሪያ፣ መጋዘንና ሆስፒታል ሆነች። እሷ ባትንቀሳቀስም ትንንሽ ጀልባዎቿ በፔምባ ዙሪያ እየተዘዋወሩ ዳው የሚባሉትን ባለሸራ ጀልባዎች ይፈትሹ ነበር። ነጋዴዎቹ ፍተሻ ለማምለጥ የፈረንሳይ ባንዲራ ይሰቅሉ ጀመር። በዲሴምበር 1881 የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ብራውንሪግ እንዲህ ያለ ባንዲራ ወደ ሰቀለች ዳው ቀርበው በተከፈተባቸው ተኩስ ተገደሉ።

ነፃ የወጡት አብዛኞቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም፤ በመንገድ ላይ እንደገና የመያዝ ሥጋት ነበረባቸው። አንዳንዶቹ እዚያው ዛንዚባር በሚሲዮን፣ ሌሎቹ ከሞምባሳ ማዶ በፍሬር ታውን ሰፈሩ።

«ለንደን» በ1884 ተሸጠች፤ ተፈታም ፈረሰች። የባሕር ላይ ጥበቃው ግን አላቆመም። በ1888 «ኦስፕሬይ» የተባለች ሌላ የእንግሊዝ መርከብ ከአገራችን ተሸጠው በቀይ ባሕር ወደ ዐረብ አገር ይወሰዱ የነበሩ 200 ያህል ሰዎችን አስጣለች። አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ከእነዚህ 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ሎቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። አንዷ ቢሾ ጃርሳ የታዋቂው ምሁርና የነፃነት ታጋይ የኔቪል አሌክሳንደር አያት ናት። ልጆቹን የሸጣቸው ባዕድ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ወገኖቻችን እጅም አልፈዋል። ይህን መደበቅ አይገባም።

ሞምባሳ የሄደ ሰው ኬንጌሌኒ ላይ የፍሬር ታውንን ደወል ያያል። ባሪያ ፈንጋይ ሲመጣ ለማስጠንቀቅ ይደወል ነበር። ዛሬም ወጣቶቻችን በደላላ ተስፋ ተታለው በዚያው ቀይ ባሕር በተጨናነቀ ጀልባ ይሻገራሉ፤ ብዙዎችም ሰጥመው ይቀራሉ። በዘመናችን ይህን ጠንቅ ለወገን አስቀድሞ መንገር የእኛ ፋንታ ነው። ማኅበራችን ከዕድርና ከበዓል ባሻገር ለዚህም እንዲተጋ እመኛለሁ።

መልካም ኢዮቤልዩ።