በጎንደርና በሰሜን ደጋ የአእምሮ ሕመም ፈውስና የወጪው ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና የተጻፉት ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት ሁለት ነገሮችን ነው፤ አንደኛው ሕዝቡ የበሽታውን መነሻ ምን እንደሚለው፣ ሁለተኛው ፈዋሹ በምን ዓይነት ሥርዐት እንደሚፈውስ ነው። ሕመምተኛው ከቤቱ ተነሥቶ ፈዋሹ ዘንድ እስኪደርስ፣ ድኖም ሆነ ሳይድን እስኪመለስ ድረስ ወጪውን የሚችለው ማን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ በአእምሮ ሕመም ላይ ይጸናል። የአእምሮ ሕመም እንደ ንዳድ በጥቂት ቀን የሚያልፍ አይደለም፤ ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ መታመሙን አያምንም፤ ስለዚህ ፈውስ ፈላጊውም ከፋዩም ሌላ ሰው ነው። ከዚህ ቀጥሎ በጎንደር ከተማና ቀድሞ በጌምድርና ስሜን በተባለው ጠቅላይ ግዛት ደጋማ ወረዳዎች ይህ ወጪ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተከፈለ ይመረመራል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዘመኖቹ የተሰጡት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የሕመሙ ስምና የዕዳ ቋንቋ

ሕዝቡ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ስም ራሱ ስለ ክፍያ ይናገራል። ከስሞቹ አንዱ ቁራኛ ነው። በቀድሞው የዳኝነት ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም ባለገንዘብና ባለዕዳ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቋጥረው ይሄዱ ነበር፤ ይህ መቋጠር ቁራኛ ይባላል። በሰው ላይ ተጣብቆ የማይለቀው መንፈስም በዚሁ ቃል ይጠራል። በበጌምድር የተመራመረው አለን ያንግ የአማራ ሕዝብ በቁራኛ ስለ መያዙ ያሳተመው ጥናት በ1975 ወጥቷል። እንደዚሁም ለዛር የሚቀርበው መሥዋዕትና ስጦታ ግብር ይባላል፤ ይኸውም ባለርስቱ ለጌታው በየዓመቱ ያገባው የነበረው ነው። ለታቦት የሚገባውም ስለት ነው፤ ስለት ደግሞ ፈውሱ ከተገኘ በኋላ የሚከፈል ቃል ነው።

ከእነዚህ ቃላት እንደሚታየው ሕመሙ እንደ ግዴታ ይታሰባል። ነገር ግን ግዴታዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዕዳ ሲከፈል ያልቃል፤ ስለት ሲገባ ይፈጸማል፤ ግብር ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይቀጥላል። ቤተ ሰቡ ወደ የትኛው ፈዋሽ እንደሚሄድ ሲመክር ከእነዚህ ግዴታዎች አንዱን መምረጡ ነው።

ጠበል

በክርስቲያኑ ዘንድ የመጀመሪያው መጠጊያ ጠበል ነው። ጎንደር፣ ዐፄ ፋሲል በ1636 ከቈረቈሯት ጀምሮ፣ በአብያተ ክርስቲያናቷ ብዛት የአርባ አራት ታቦት አገር ተብላ ትጠራለች፤ በገጠሩም ጠበል የሌለበት ወረዳ አይገኝም። ጠበሉ አይሸጥም፤ የሚያጠምቀውም ካህን ዋጋ አይተምንም። በዚህ ምክንያት ጠበል የድኻ ሕክምና ነው ሲባል ይሰማል። ነገሩ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው።

ሕመምተኛው ቢያንስ አንድ ሱባዔ፣ ይኸውም 7 ቀን፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ወይም ሦስት ሱባዔ ይቀመጣል። ኀይለኛ ከሆነ አንድ ሰው አይበቃውም፤ ወንድምና አጎት፣ ወይም አባትና ልጅ፣ ሁለት ሆነው ይይዙታል፤ በገመድ ወይም በእግር ብረት የሚታሰርበትም ጊዜ አለ። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ ከቤት ተሰንቆ ይወጣል። የሁለት ጐልማሶች ጕልበት ለ14 ቀን ከእርሻ ሲጐድል፣ በተለይም በመዝሪያ ወይም በአጨዳ ወራት ከሆነ፣ የጠፋው ከስንቁ ዋጋ ይበልጣል። በክረምት ደግሞ ወንዙ ስለሚሞላ መንገዱ ይቋረጣል። ስለዚህ ጠበሉ በነጻ ሲሰጥ፣ ዋጋው በጊዜና በጕልበት ይከፈላል።

በቤልጅግ አገር ጌል በተባለችው ከተማ የሆነው ነገር ከዚህ ጋር ሊነጻጸር ይገባል። በመካከለኛው ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ወደ ቅድስት ዲምፍና ቤተ ክርስቲያን ለመፈወስ ይመጡ ነበር፤ ማደሪያው ሲጠብ የከተማው ሰዎች በየቤታቸው ያሳድሯቸው ጀመር፤ ልማዱም ከብዙ ዘመን በኋላ መንግሥት ገንዘብ የሚከፍልበት የሕክምና ሥርዐት ሆነ። በጎንደርም ቅዱስ ስፍራውና የሕመምተኛው ጕባኤ ነበሩ፤ ያልነበረው አሳዳሪውን የሚክስ መዝገብ ነው። ወጪው እስከ መጨረሻው የዘመድ ሆኖ ቀረ።

ደብተራና ክታብ

ሁለተኛው መንገድ የደብተራው ነው። የክታቡ ብራና ብዙ ጊዜ በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይለካል፤ ይህም ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። በክታቡ ላይ የክርስትና ስሙ ይገባል፤ ከጸሎቱም ጋር የዓይነ ጥላ፣ የባርያ፣ የሌጌዎን፣ የቡዳና የሌሎችም አጋንንት ስም ይዘረዘራል። ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ተርጕሞ በ1930 ካሳተመ ወዲህ ይህ ጥበብ በውጭ ሊቃውንት ዘንድ ታውቋል።

ደብተራው እንደ ካህኑ አይደለም፤ ዋጋ ይነጋገራል። ዋጋውም እንደ ሥራው ድካም ብቻ ሳይሆን እንደ ስሙና እንደ ሕመምተኛው ሀብት ይለያያል። አለን ያንግ በ1975 ባሳተመው ሌላ ጥናት እንዳመለከተው እነዚህ ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን አንዱ ከሌላው ይሰውራሉ፤ አንድ የሚያደርግና የሚቈጣጠር ማኅበርም የላቸውም። ስለዚህ ፈላጊው ማንን እንደሚያምን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው። አንዱ ሳይፈውስ ሲቀር ቤተ ሰቡ ወደ ሌላው፣ ብዙ ጊዜም ወደ ሩቅ አገር ሰው፣ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ክፍያው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከዚህ ጋር ሊነገር የሚገባው ሌላ ከፋይ አለ። ሕመሙ ቡዳ ነው በተባለ ጊዜ፣ በላው የሚባለው ሰው ይፈለጋል፤ ይህም ስም በብረት ሠሪው፣ በሸክላ ሠሪዋና በሸማኔው ላይ፣ በጎንደር አካባቢ በተለይ በቤተ እስራኤላውያን ላይ ይለጠፍ ነበር። ማረሻውን የሚሠራለትንና የምትጋግርበትን ምጣድ የምታበጅለትን ጎረቤት፣ ገበሬው በዘመዱ ሕመም ይከሰው ነበር። የወለቃን መንደር ለመሰሉ የእጅ ጥበብ ሰፈሮች ይህ ጥቂት ነገር አልነበረም፤ ያልታመመው ሰው የታመመውን ወጪ በስሙና በደኅንነቱ ከፍሏል። የፈውሱ ታሪክ ይህን ግፍ ትቶ ቢጻፍ ጐደሎ ይሆናል።

የዛር ቤት

ስለ ጎንደር የዛር ቤት ከሁሉ የሰፋውን ማስታወሻ የተወው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ነው። ማርሴል ግሪዮል ከሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከተጓዘው የምርምር ጓድ ጋር በ1932 ክረምት ጎንደር ገብቶ እስከ ታኅሣሥ ወር ድረስ ቈየ፤ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነትም የመልካም አያሁን ቤት አዘወተረ። የዕለት ማስታወሻው በ1934፣ በጎንደር ሰዎች ዘንድ ስላለው የዛር መያዝና ስለ ትርኢታዊ ገጽታው የጻፈው መጽሐፍ በ1958 ታትመዋል።

በዚያ ቤት ዛሩ ይጠራል፤ ስሙን ይናገራል፤ ይፎክራል፤ የሚፈልገውንም ይጠይቃል። ሕመምተኛዋ ፈረሱ ትባላለች። ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ሽቱው፣ ከዚያም በዛሩ የተመረጠ ጠጕር ያለው ዶሮ ወይም በግ ይቀርባል። ሌሪስ ራሱ ለመሥዋዕቱ የሚሆኑትን እንስሳት እየገዛ ያቀርብ እንደ ነበር ጽፏል። እንግዲህ መጽሐፉን የሚያነብ ተማሪ ይህን ሊያስታውስ ይገባል፤ በመጽሐፉ የተገለጠው ድግስ በከፊል በባለጸጋ እንግዳ ወጪ የተደገሰ ስለ ሆነ፣ የአንዲት የወገራ ገበሬ ሚስት የምትከፍለው መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ከሌሪስ ወዲህ በ1953ና በ1954 በዚሁ አገር የተመራመረው ሳይመን መሲንግ በ1958 ባወጣው ጽሑፍ የዛርን ማኅበር እንደ ጕባኤ ሕክምና አድርጎ ተመለከተው። እንደ እርሱ አባባል ከታማሚዎቹ የሚበዙት ያገቡ ሴቶች ናቸው፤ ዝቅ ብለው የሚታዩ ወገኖችም በዚያ ስፍራ ያገኛሉ፤ ድኗል ተብሎ የሚሰናበት ሰው ደግሞ የለም፤ ሕመምተኛው የዕድሜ ልክ የማኅበሩ አባል ይሆናል። ዛሩ በሚስት አፍ ልብስና ጌጥ ሲጠይቅ ባል እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ቢከለክል ሕመሙ ይመለሳል።

ይህ ክፍያ ሲደመር ከባድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም የዛርን ግብር ከባዕድ አምልኮ ቈጥራ ታወግዘዋለች፤ በዚህ ስም የድኻ ጥሪት የበዘበዙ ሰዎችም አልጠፉም። ይሁን እንጂ የአከፋፈሉ መንገድ ሊስተዋል ይገባዋል። ክፍያው በአንድ ቀን አይጠየቅም፤ በበዓል፣ በመኸር፣ ዶሮ በተፈለፈለ ጊዜ እየተከፋፈለ ይገባል። ገንዘብ የሌላት ሴት ውሃ እየቀዳች፣ እየፈጨች፣ ቡና እያፈላች በዛሩ ቤት ታገለግላለች። በምላሹም የምታገኘው የአንድ ቀን ሕክምና ሳይሆን ጎረቤትና ማኅበር ነው።

ሆስፒታልና መድኃኒት

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺሕ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ፤ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የጽዳት ሠራተኞችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። ሥራው በተላላፊ በሽታና በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ ነበር፤ ለአእምሮ ሕመምተኛ በጤና ጣቢያው የተለየ ስፍራ አልነበረውም። በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በሕሙማን ላይ ተሞክሮ የዓለምን የአእምሮ ሕክምና ሲለውጥ፣ ለኢትዮጵያ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው አማኑኤል ነበር። ከጎንደር እስከዚያ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለስሜን ገበሬ ይህ ጕዞ ስንቅ ብቻ ሳይሆን በከተማ ዘመድ ማግኘትን የሚጠይቅ ነበር።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር በጎንደር የሕክምና ትምህርት ተጀመረ። በ1980ዎቹ ውስጥ በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ጀምረው በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የአእምሮ ሐኪሞች በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመሩ። በ2012 የወጣው ብሔራዊ ስልት ደግሞ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ወሰነ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን በተመላላሽም በተኝቶ ሕክምናም ይቀበላል።

ስለ ክፍያውም ሁለት መንገዶች ተከፍተዋል። የቀድሞው፣ ቀበሌው ድኻ መሆኑን መስክሮ የሚሰጠው የነጻ ሕክምና ወረቀት ነው። አዲሱ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው፤ ይህም በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ በአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የደቡብ ጎንደሩ ፎገራ ነበር። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ለቤተ ሰቡ ደብተር ይቀበላል። በዓመት አንድ ጊዜ መከፈሉ ከግብር ጋር፣ ሳይታመሙ ለታመመው ማዋጣቱ ከእድር ጋር ስለሚመሳሰል ለገበሬው ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገር ግን መድኅኑ የሚሸፍነው የሆስፒታሉን ሒሳብ እንጂ መንገዱን አይደለም። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ የሚነሣ ሕመምተኛ መጀመሪያ ወደ መኪና መንገድ መውረድ፣ ከዚያም ደባርቅ መድረስ፣ ከደባርቅም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ወደ ጎንደር መጓዝ አለበት። አስታማሚው፣ ማደሪያው፣ ምግቡ ሁሉ ከኪስ ነው። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ካልተገኘ ከውጭ ይገዛል። ሕክምናውም ለዓመታት የሚቀጥል ስለ ሆነ ወጪው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይመለሳል። ከ2020 ጦርነት ጀምሮ፣ በተለይም ውጊያው በ2021 ሰሜን ጎንደር ከገባና በ2023 በክልሉ ሌላ ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ መንገዶች በየጊዜው እየተዘጉ ይህ ምልልስ ይበልጥ ከብዷል፤ የተሸበረውና ሐዘን የደረሰበት ሰውም በዝቷል።

የጥሪቱ ደረጃ

የወጪው ክብደት በብር ቍጥር ብቻ አይታወቅም፤ ከቤቱ የሚወጣው ነገር በቅደም ተከተል ሲታይ ነው የሚገለጠው። መጀመሪያ ዶሮና ቅቤ ይሸጣል፤ ቀጥሎ በግ፤ ቀጥሎ ጊደር። እስከዚህ ድረስ ያለው ጉዳት በአንድ ወይም በሁለት መኸር ይተካል። በሬው ሲሸጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት በሬ የነበረው ገበሬ አንዱን ከሸጠ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ የጎረቤቱን ተራ ስለሚጠብቅ የመዝሪያው ጊዜ ያልፍበታል፤ ሁለተኛውንም ከሸጠ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ወይም በወለድ አገድ ያሲዛል። በዚህ ጊዜ ሕመሙ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ሁሉ ይሆናል። ብዙ ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን በጓሮ አስሮ ማኖርን የሚመርጠው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ይህን ከጭካኔ ብቻ መቍጠር ስሕተት ነው፤ የሚሸጠው ሁሉ ያለቀበት ሰው የመጨረሻ መላ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የገጠሩ ሰው ከሆስፒታል በፊት ጠበሉንና ባለዛሩን መፈለጉ ባለማወቅ ብቻ አይፈታም፤ እነዚህ በእጁ ባለው ነገር፣ በጊዜው፣ በጕልበቱ፣ በመኸሩ ተራ መከፈል የሚችሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሆስፒታሉ ከሁሉ የሚያንስ ዋጋ ቢጠይቅም፣ ዋጋው በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል፣ በቀጠሮ ቀን የሚፈለግና ከሩቅ የሚመጣ ስለ ሆነ ለገበሬው ከሁሉ ይከብዳል። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ ወደ ጤና ጣቢያው ቢቀርብ የሚቀነሰው ትልቁ ወጪ የመድኃኒቱ ሳይሆን የመንገዱና የአስታማሚው ነው።

ስለዚህ ወደ ፊት በዚህ አገር የሚደረገው ጥናት ከዛሩ ፉከራና ከክታቡ ሥዕል ጋር የተሸጠውን በሬና የባከነውን የእርሻ ቀን አብሮ ይመዝግብ ዘንድ ያስፈልጋል። የቀድሞው ቁራኛ ዳኛ ፊት ሲደርስ ይፈታ ነበር፤ በሕመም ቁራኛ የተቋጠረው ሕመምተኛና ዘመዱ ግን ዳኛው እስኪቀርባቸው ድረስ አብረው ታስረው ይኖራሉ።