ሰዓትን ያስተካከለ ሊቅ፤ ክርስቲያን ሁይገንስ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ሁላችንም ያለፉትን ዓመታት እንቈጥራለን። ዓመትን በፀሐይና በጨረቃ መቍጠር ጥንታዊ ዕውቀት ነው፤ ሰከንድን አስተካክሎ መቍጠር ግን ከተጀመረ አራት መቶ ዓመት እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ይህን ስላስገኘው ሰው ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ክርስቲያን ሁይገንስ በ1629 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሆላንድ አገር በሔግ ከተማ ተወለደ። አሚር ዓሊ ኢብን ዳውድ በ1647 በከተማችን በሐረር መንግሥታቸውን ሲያቋቁሙ፥ እርሱ የ18 ዓመት ተማሪ ነበር። ሕግ ቢማርም ልቡ ወደ ሒሳብ አዘነበለ።

በዚያን ዘመን ሰዓት በቀን እስከ 15 ደቂቃ ያህል ይዛነፍ ነበር። የኢጣልያው ሊቅ ጋሊሌዮ፥ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ነገር ምልልሱ እኩል ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድሞ ተመልክቶ ነበር። ሁይገንስ በ1656 ይህን አሳብ ከሰዓት ጋር አገናኘው፤ ይኸውም ፔንዱለሙ በተወዛወዘ ቍጥር ባለጥርሱ መንኰራኵር በልክ እንዲራመድ አደረገ። ስሕተቱም በቀን ወደ 15 ሰከንድ ያህል ዝቅ አለ።

ደግሞም ከወንድሙ ጋር መስተዋት እየሞረደ በሠራው መነጽር፥ በ1655 የሳተርንን ትልቅ ጨረቃ ቲታንን አገኘ። ጋሊሌዮን ግራ ያጋባው የሳተርን መልክም ከቀለበቱ የተነሣ መሆኑን በ1659 አስረዳ። በ2005 በስሙ የተሰየመች መሣሪያ ቲታን ላይ አረፈች።

በ1690 ባሳተመው መጽሐፍ ብርሃን እንደ ማዕበል እንደሚጓዝ ጻፈ። ኒውተን ግን ብርሃን ጥቃቅን ቅንጣት ነው ይል ነበር። የኒውተን ዝና ታላቅ ስለ ነበር፥ የሁይገንስ አሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ችላ ተባለ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያንግና ፍሬኔል ብርሃን የማዕበል ጠባይ እንዳለው በሙከራ አሳዩ። ዛሬ የሁለቱም ጠባይ እንዳለው ታውቋል። ሁይገንስ ግን በ1695 ሞቶ ስለ ነበር አሳቡ ሲከበር አላየም።

እንግዲህ የዕውቀት ዳኛው ሙከራ እንጂ የተናጋሪው ዝና አይደለም። ለሙከራም ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ አንድ ሜትር ያህል ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ በጥቂቱ አወዛውዙ። ከወዲህ ወዲያ አንድ ጊዜ ሲሄድ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ድንጋዩን በከበደ ለውጡት፤ ጊዜው አይለወጥም። እኛ ብንነግራችሁም ቈጥራችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ አትመኑን።