ሮማ፣ ፍሎረንስ እና የ1985ቱ ሀፍጋና

«እኛ ኢትዮጵያዊያን ዝምተኞች ነን» ሲባል በነቬ ኢታማርም በሌላ ሰፈርም ሰምታችኋል። አንዱ ለሙገሳ ይለዋል፣ ሌላው ለትችት። ታሪኩ ግን እንደዛ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማሳየት መጀመሪያ ከ500 ዓመት በፊት ወደ ኖረ አንድ ጣሊያናዊ ልሂድ።

ኒኮሎ ማኪያቬሊ የፍሎረንስ ሪፐብሊክ ባለሥልጣን ነበር። በ1512 (እ.ኤ.አ.) የሜዲቺ ቤተሰብ ወደ ሥልጣን ሲመለስ ከሥራው ተባረረ፣ በማግሥቱ ዓመት ታስሮ ተሠቃየ። ከዛ በኋላ ሊቪዩስ የጻፈውን የሮማ ታሪክ ይዞ ቁጭ አለና አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ሮማ ነፃነቷን ያን ያህል ዘመን እንዴት ጠበቀች? ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ለሪፐብሊክ ከስምምነት የሚበልጥ ነገር የለም ይሉ ነበር። እሱ ግን በመኳንንቱና በተራው ሕዝብ መካከል የነበረው ጠብ ራሱ ጥሩ ሕጎችን ወለደ አለ።

ዋናው ምሳሌ ይህ ነው። ሊቪዩስ እንደሚተርከው፣ ከዘመናችን በፊት በ494 ዓመት፣ በዕዳ የተማረረው ሕዝብ ከተማዋን ጥሎ «ቅዱስ ተራራ» ወደሚባል ቦታ ወጣ። መኳንንቱ ሽማግሌ ላኩ፣ ሜኔኒዩስ አግሪጳ የሚባል። ሽማግሌውም ሆድና የሰውነት ክፍሎች ስለ መጣላታቸው ተረት ነገራቸው። ልክ እንደኛ አገር ሽምግልና ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በተረት ብቻ አልተመለሰም። «ትሪቡን» የሚባል፣ ከራሱ ወገን የሚመረጥና ማንም ሊነካው የማይችል ጠበቃ ካገኘ በኋላ ነው የወረደው።

የማኪያቬሊ ወዳጅ ጉቺያርዲኒ በዚህ አልተስማማም። ጠብን ማመስገን፣ መድኃኒቱ ጥሩ ነው ብሎ በሽታውን እንደማመስገን ነው አለ። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ማኪያቬሊም ጠብ ሁሉ ጥሩ ነው አላለም። የሮማ ጠብ በሕግ ያልቅ ነበር፣ የፍሎረንስ ግን በስደትና በሞት። መለኪያው ጩኸቱ ሳይሆን ከጩኸቱ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1985 ራባኑት ኢትዮጵያዊያን ለጋብቻ ሲመዘገቡ ጥቢላ እንዲያደርጉ ይጠይቅ ነበር። ይህ ማለት አይሁድነታቸው ይጠረጠራል ማለት ነው። ወላጆቻችንና ቄሶቻችን ኢየሩሳሌም፣ ሄኻል ሽሎሞ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ፣ በዓላቱንም እዛው አሳለፉ። ዕብራይስጥ ገና ያልለመዱ፣ አብዛኞቹ በሱዳን በኩል አልፈው የመጡ ሰዎች ናቸው። ዝምተኛ የሚባሉት እነዚህ ናቸው እንግዲህ!

በጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ አማካይነት ስምምነት ተደረገ፣ ክርክሩ ግን ቀጠለ። መፍትሔው የመጣው ከዚሁ ከነታንያ ነው። የከተማችን ዋና ረቢ ዳቪድ ሸሉሽ ኢትዮጵያዊያን ሙሉ አይሁዶች ናቸው ብለው ያለ ጥቢላ ያጋቡ ነበር። ጉዳዩ ባጋጽ ከደረሰ በኋላ ራባኑት የኢትዮጵያዊያንን የጋብቻ ምዝገባ ለእሳቸው ሰጠ። ከሌላ ከተማ የመጡ ሙሽሮችም ነታንያ መጥተው ተመዘገቡ።

ትልቅ ድል ነው። በማኪያቬሊ ዓይን ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ትሪቡን ቋሚ ሥልጣን ነው፣ ሰውዬው ቢሞትም ወንበሩ ይቀራል። የእኛ መፍትሔ በአንድ ቅን ሰው ላይ ተንጠለጠለ። ሌሎች ረቢዎች በየከተማቸው በር መዝጋት ይችሉ ነበር።

ከ2015ቱ ሀፍጋና በኋላ የሆነው ለየት ይላል። የፓልሞር ኮሚቴ በ2016 ሪፖርቱን አቀረበ፣ በፍትሕ ሚኒስቴርም ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቋመ። ይህ ወንበር ነው። ግን በመንግሥት ቤት ውስጥ የተቀመጠ፣ እኛ ያልመረጥነው ወንበር ነው። ትሪቡኑን የሚመርጠው ሕዝቡ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ በ2019 ወጣቱ እንደገና መንገድ ላይ ወጥቷልና።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሀፍጋና ስትወጡ ሁለት ጥያቄ ያዙ፦ ሲያልቅ የሚቀረው ወንበር የትኛው ነው? የሚቀመጥበትንስ ማን ይመርጣል? እስከዛው ወላጆቻችሁን የትና በማን ፊት እንደተጋቡ ጠይቋቸው። ከቱባቸውንም እዩት፣ የብዙ ቤት መልስ ነታንያ ሊሆን ይችላል።